ከዳገቱ በላይ የታደለው አጎበር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ ዳገቱ ላይ ወዳለችው ኦቾሎ ቀበሌ ወጥቼ ተመለስኩ። የወባን ስርጭት ለመተንበይ በኮምፒውተር የሠራሁት ሞዴል ትንኝ ከአባያ ሐይቅ ዳር ተነስታ ዳገቱን እየወጣች ነው ይል ነበር። አምኜው፣ አጎበሩ ለኦቾሎ ይታደል ብዬ ለጤና ቢሮው የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ካርታዬን አይታ ሳቀች።

«ዶክተር፣ ትንኟ አልወጣችም፤ ወንዶቹ ናቸው የሚወርዱት። በቆሎውን ከከርከሮ ሲጠብቁ ሐይቁ ዳር ያድራሉ፤ ሲያማቸው ወደ ቤት ይመጣሉ።»

ለካ በሽተኞቹን የቆጠርኩት በሚያድሩበት ሳይሆን በተመዘገቡበት ነው። የገበሬ ልጅ ሆኜ! አባቴም እህል ሲደርስ ማሳ ነበር የሚያድረው። ነገ ጤና ቢሮው ደውዬ ስህተቱ የኔ ነው እላለሁ።

ከሠራተኛዋ ጋር ስንመለስ አንድ ቤት ገባን። አዲሱ አጎበር ከነላስቲኩ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«ለምን አልሰቀላችሁትም?» አልኳት የቤቱን እመቤት።

«ባሌ ማሳ ነው፤ ሲመለስ ይሰቅለዋል» አለችኝ።