እህቴ ቤተሰቤ አለመሆኗን ስላረጋገጡልኝ

ይድረስ፦ ለክቡር የአኒሜ ማሳያው ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

እርስዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ በተለይም ደብዳቤዬን ሁሉ ሳያነብ በሦስት ሴኮንድ የሚመልስልኝ ማሽናችሁ፣ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም እንደ ድርጅትዎ ፈቃድ ደህና ነኝ። የሰው ጊዜ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ባለፉት አምስት ሳምንታት ደጋግማችሁ ስላስተማራችሁኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ከአምስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ፣ በምናየው አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን የካርቱን ተከታታይ ፊልም፣ መቆሚያ የሌለው ባቡር የምትነዳው ልጅ በሰማንያ ስምንተኛው ክፍል ከፊቷ ያለው ድልድይ መሰበሩን ባየችበት ቅጽበት፣ በሌላ ከተማ የምትኖረው የታናሽ እህቴ ስክሪን ጠቆረና «ከቤተሰብ ወጥተዋል» የሚል ጽሑፍ ወጣበት። በዚያው ደቂቃ በእኔ ስልክ ላይ «ተጠቃሚ ሦስት የቤተሰብዎ አባል አለመሆናቸውን አረጋግጠናል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ተባለ። እህቴ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ የተባለችው ከቤተሰቧ ስትባረር ነውና፣ ስለ አክብሮታችሁ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ደብዳቤ በመሆኑ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢም ላስረዳ። እኔ በአንድ የአርክቴክት ቢሮ የቤት ፕላን የምነድፍ ሠራተኛ ነኝ። እናታችን ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከዐሥራ አንድ ወር በፊት አረፈች። የተከራየነውን ቤት ለቅቀን እህቴ አክስታችን ዘንድ ሄደች፤ እኔ ከቢሮዬ አጠገብ አንዲት ክፍል ያዝኩ። የእህቴ ጆሮ ከልጅነቷ ጀምሮ የደከመ ስለሆነ በስልክ አናወራም። የምንገናኘው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እሷ በዚያ እኔ በዚህ ሆነን፣ በእናንተ «አብሮ ማየት» በሚባለው አገልግሎት የባቡሯን ልጅ እያየን ከጎኑ በምንጻጻፈው ነው። ከቀብሩ ወዲህ እህቴ ለሰው ሁሉ ዝም ስትል ለእኔ የምትናገረው በዚያች ጠባብ የመጻፊያ ሣጥን ብቻ ነበር።

በሚዛን መናገር ደግ ነውና የደንበኝነታችሁን ጥቅም ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ከእናንተ በፊት ሰፈራችን ውስጥ ፊልም በፍላሽ የሚገለብጥልን ሰው ነበር፤ ስሙን ሳናውቅ «ገልባጩ» እንለው ነበር። ገልባጩ አሥራ አራተኛውን ክፍል ረስቶ አሥራ አምስተኛውን ሁለት ጊዜ ይሰጠን ነበር፤ ከፊልሙ ጋርም ቫይረስ ይመርቅልን ነበር። እናንተ ክፍል አትዘሉም። ምስላችሁ የጠራ ነው፤ ማስታወቂያ የለበትም፤ ለሠዓሊዎቹም የድካማቸው ዋጋ ይደርሳቸዋል ብለን ኅሊናችን አርፎ እንተኛለን። ከሁሉ በላይ በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ አላችሁ፤ እሱም ጆሮዋ ለደከመ ልጅ ሲሳይ ነው፣ ምንም እንኳ ባቡር ነጂዋ ጠላቷን በአንድ መስመር «እርስዎ»፣ በሚቀጥለው «አንቺ» ብትለው፣ ጠላቷም ፂማም ወንድ ቢሆን። ይህን ሁሉ ሳልክድ፣ ገልባጩ በሩ ላይ ባየን ቁጥር «የባቡሯ እህትማማቾች መጡ!» ይለን እንደነበር ማስታወስ እወዳለሁ። ሕገ ወጡ ሰው በዓይኑ አይቶ ያወቀውን ዝምድና ሕጋዊው ድርጅት በምርመራ አጥቶታል።

አቤቱታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. የውላችሁን ዋና ጽሑፍ በተጻፈበት ቋንቋ አንብቤዋለሁ። የሚናገረው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ የኢንተርኔት መስመር ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ተርጓሚያችሁ ይህንን «ቤተሰብ» አለው። አማርኛ እንዲህ ያለውን አብሮ አዳሪ የሚጠራበት «ደባል» የሚል ቃል አለው፤ ነገር ግን «የደባል ደንበኝነት» ተብሎ ቢሸጥ ማን እንደሚገዛው አላውቅም፣ እርስዎም አያውቁም፣ ለዚህም ይመስለኛል ቤተሰብ የተባለው። ቃሉን ስትሸጡልን እናትና ልጆች ሶፋ ላይ ተቃቅፈው ሲስቁ አሳያችሁን፤ ስታስፈጽሙት ግን ግድግዳ ለካችሁ። እኔ ቤት የምነድፍ ሰው ነኝ። ግድግዳ የት እንደሚያልቅ ከእናንተ አልማርም፣ ዝምድናንም በሜትር ለክቼ አላውቅም። በውላችሁ መሠረት የኢንተርኔት መስመር የምጋራው፣ ከግድግዳው ማዶ ጉሮሮውን ሲጠርግ ብቻ የማውቀው መካኒክ ጎረቤቴ ዛሬ ቤተሰቤ ነው። ይህንን ስነግረው እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እንግዲያ ከውርሱ ድርሻዬን አምጪያ!» አለኝ። እስካሁን በዚህ ጉዳይ ካነጋገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ውላችሁን በትክክል የተረዳው እሱ ነው።

፪ኛ. ደንበኝነቱ የተከፈተው በእናታችን ስም ስለሆነ በመዝገባችሁ «የቤተሰብ ኃላፊ» እሷ ናት። እህቴን ለመመለስ ስጠይቅ የቤተሰብ ኃላፊዋ ራሳቸው በስልካቸው በሚደርሳቸው ኮድ እንዲያረጋግጡ ታዘዝኩ። ማረፏንና የስልክ ቁጥሯ መዘጋቱን ጻፍኩ። ማስረጃ ተጠየቅኩ። የሞት ምስክር ወረቀቷን ላክሁ። የመጣልኝን መልስ ቃል በቃል አስቀምጠዋለሁ፤ «ሰነዱ ደርሶናል። እባክዎ የቤተሰብ ኃላፊዋ የሰነዱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጡልን ያድርጉ።» ክቡር ሆይ፣ ይህን መልስ ለባልደረቦቼ ባነበብኩላቸው ጊዜ ቢሮው በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄጄ በሩን ዘጋሁ። በዚያው ሳምንት ለእናቴ በስሟ፣ በኢሜይሏ፣ «ናፍቀውናል! ካቆሙበት ይቀጥሉ» የሚል መልእክት ላካችሁላት። የሞተችው ኃላፊ፣ በሕይወት ያለችው ባዕድ የሆነችበትን መዝገብ ማን እንደሚይዝ ባውቅ እጅ ልነሣው እወድ ነበር።

፫ኛ. ኮዱ በእናታችን ስልክ ካልሆነ «በቤተሰቡ ዋና ቴሌቪዥን» ሊመጣ እንደሚችል ተነገረኝ። ቴሌቪዥኑን ዕቃ ስናወጣ ተሸካሚዎቹ ደረጃ ላይ ጥለው ሰብረውታል። ይህንንም ጻፍኩ። «ቴሌቪዥኑን አብርተው ይሞክሩ» ተባልኩ።

፬ኛ. እንግዲህ ልውጣ አልኩ። መግቢያችሁ አንድ ቁልፍ ነው፤ መውጫችሁን ግን ስፈልግ ሰባት ገጽ አልፌ፣ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ አራት ጊዜ ተጠይቄ፣ በመጨረሻ እንደገና ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ፤ ምክንያቱም ደንበኝነት የሚዘጋው በቤተሰብ ኃላፊዋ ብቻ ነው። ክፍያው ግን ያለ ኮድና ያለ ኃላፊ ከእኔ ካርድ ይቆረጣል። በዚያ በኩል ቤተሰብነቴን ተጠራጥራችሁ አታውቁም። ካርዱን ላዘጋ ብል ደግሞ «መረጃዎ በሙሉ ይሰረዛል» ትላላችሁ፤ የያዛችሁኝም እዚህ ላይ ነው። እናታችን በመጨረሻዎቹ አራት ወራት ሐኪም ቤት ተኝታ በዚያው የመጻፊያ ሣጥን እየተጻጻፈች ከእኛ ጋር የባቡሯን ልጅ ታይ ነበር። «ይቺ ልጅ ፍሬን አትይዝም እንዴ?» ብላ የጻፈችው እዚያ አለ። «ኮቷ ብብቱ ጋ ተበላሽቷል፣ ማነው የሰፋላት?» ያለችውም እዚያ አለ። በስልሳ አንደኛው ክፍል መሐል የጻፈችው የመጨረሻዋ መልእክት «ቆዩኝ፣ ነርሷ መጣች» ይላል። ብቀር እህቴ ባዕድ ትሆናለች፣ ብወጣ የእናቴ ቃል ይጠፋል። ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ሲባል ቢያንስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ እናንተ ግን መሐሉ ላይ ተክላችሁ፣ ስለ አገልግሎታችሁ ከአምስት ስንት እንደምሰጥ ትጠይቁኛላችሁ።

፭ኛ. ይህንን አሳጥሬ እጽፈዋለሁ። እህቴ «ከቤተሰብ ወጥተዋል» የሚለውን ስታነብ ያስወጣኋት እኔ መሰልኋት።

ሦስት ቅዳሜ የላክሁላት መልእክት ሁሉ ሳይነበብ ቀረ። ለአክስታችን ብደውል «ማንም አላስወጣሽም ብዬ ብጽፍላት ስክሪኑን አንሥታ አሳየችኝ፤ የተጻፈውን እንዴት ልካደው? ደግሞስ ከመቼ ወዲህ ነው ዘመድ በቴሌቪዥን የሚቆረጠው?» አለችኝ። «ረዳት ቁጥር ሰባት» የሚባለው ሠራተኛዎ ይህንን ስነግረው ስሜቴን እንደሚረዳና ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል እንደተመራ ገለጸልኝ። የሚመለከተው ክፍል እስካሁን አልተመለከተውም። ጆሮዋ የደከመው እህቴ ናት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ግን የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው።

በአራተኛው ቅዳሜ አራት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዤ አክስታችን ቤት ሄድሁ። እህቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «ምን ልትሠሪ መጣሽ? ቤተሰቡ ውስጥ ክፍት ቦታ ተገኘ እንዴ?» አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ እናንተ ለእኔ የላካችሁትን መልእክት እጇ ላይ አኖርኩላት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ቅንድቧን ሰብስባ «ተጠቃሚ ሦስት… አለመሆናቸውን… እሳቸው ማን ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አንቺ ነሽ» አልኳት። «እኔ? አንቱ?» አለችና ሳቀች። እናታችን ካረፈች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው። አክስታችን ከኩሽና ሮጣ መጥታ ማን እንደሞተ ጠየቀች፤ በዚያ ቤት ከረጅም ጊዜ ወዲህ ድምፅ ጎላ ብሎ ሲሰማ ሌላ ምክንያት ኖሮት አያውቅምና።

የቀረውን ከሰዓት በእናንተ ወጪ አላሳለፍነውም። እኔ ከስልኬ እያነበብኩ፣ እሷ ከንፈሬን እያየች፣ የእናታችንን ስልሳ ሦስት መልእክቶች ባለ መስመር ደብተር ላይ ጻፈቻቸው፤ ከእያንዳንዱ ሥር የትኛው ክፍል ላይ እንደተጻፈና በዚያ ክፍል ባቡሩ የት እንደነበረ ጨመረችበት። ሲመሽ ደብተሩን ዘግታ እላዩ ላይ ተቀመጠችበት፣ ማንም እንዳይሰርዘው ይመስላል። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በእጃችሁ አለ ብላችሁ ያስፈራራችሁኝ ነገር ከእጃችሁ ወጥቷል። ድልድዩ ከተሰበረ በኋላ የባቡሯ ልጅ ምን እንደሆነች አናውቅም። ሳናውቅ መኖር እንችላለን።

ከእርስዎ የምጠብቀው ጥቂት ነው። ደንበኝነቱ በእኔ ጥያቄ ይዘጋ፤ ለሟች የሚላከው መልእክት ዛሬውኑ ይቁም፤ በውላችሁ ውስጥ «ቤተሰብ» የሚለው ቃል በሙሉ ወጥቶ «ደባል» በሚለው ይተካ፤ ለእህቴም በስሟ፣ በአንቺታ፣ ማንም እንዳላስወጣት የሚገልጽ አንድ አረፍተ ነገር ይጻፍላት። ይህን ሁሉ ለማድረግ የማንም ኮድ አያስፈልግም።

ለሰጣችሁኝ ጥሩ ምስል፣ የማይዘለል ክፍልና የአራት ሰዓት አውቶቡስ ጉዞ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜ፣ ለልጆችዎም ሁሌም ከእርስዎ ጋር በአንድ የኢንተርኔት መስመር መኖርን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

በመዝገባችሁ ተጠቃሚ ሁለት፣
ከመዝገባችሁ ውጭ የተጠቃሚ ሦስት ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ማክሰኞ ረዳት ቁጥር ሰባት ተጽፎ ከተሰጠው መልስ ወጣ ብሎ፣ እንደ ወንድም አስቦልኝ፣ መውጫውን በዝግታ ነግሮኛል። በስልክ ደውዬ እናቴ ነኝ ብል፣ የልደት ቀኗን ብናገር፣ ድምፄን ትንሽ ባጎለምስ፣ ጉዳዩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው እኮ» ብሎኛል። ልጁ ደግ ነውና እባክዎ አይቅጡት። የምትቀበሉት ብቸኛው እውነት ውሸት መሆኑን ከእርስዎ በታች ያሉት ሁሉ አውቀውታል ማለት ነው። እኔ ግን የልደት ቀኗን የማውቀው ለዚህ አይደለም። እህቴ እህቴ መሆኗን እንድታምኑልኝ ብዬ የሞተች እናቴን ሆኜ አልደውልም።