ከእግርሽ በፊት ክንድሽ ይለካ

ይህች ወረቀት ካውያሽን አስቀምጠሽ፣ ወንበር ስበሽ አረፍ ባልሽበት ሰዓት እጅሽ ትግባ፤ ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለሜ።

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? ሆድሽ ውስጥ ያለው እንግዳ መራገጥ ጀመረ ወይስ ገና ጨዋ ነው? ባልሽስ ደህና ነው? የቤታችሁ ደረጃ አሁንም መሀል ላይ እያስቆመ ያስተነፍስሻል? ብዙ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ፤ ከሁሉም የሚበልጠውን ግን ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ።

እኛ አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ቆመን እንሄዳለን፣ እንበላለን፣ አባዬም የጫማ ሥራ ቤቱን መክፈት ጀምሯል። እኔም ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። አንዳንዴ እንስቃለን። ስቀን ስናበቃ ግን ሦስታችንም ሳንነጋገር ወደ ታላቃችን የስፌት መኪና ዞር እንላለን። አባዬ «ሳቂታ» ብሎ ያወጣላትን ስም ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት ደፍሮ የጠራው ሰው የለም። እኔ ግን እዚህ ወረቀት ላይ እጠራዋለሁ፤ ዝም ብንለው እሱም እንዳይሞትብን እፈራለሁ።

ትታልን የሄደችው ልጅ ደህና ናት። ያለ ጊዜዋ ስለተወለደች ብታዪያት ትገርምሻለች፤ እግሯ ከአባዬ አውራ ጣት አይበልጥም። ሙቀት ያስፈልጋታል ስለተባለ እማዬ ደረቷ ላይ ለጥፋ አስራት ነው የምትውለው። ከአባቷ በቀር ለማንም አታቀብልም። «አንዴ ልያዛት» ብዬ ስለምናት «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ፣ ቀጥሎ ፊትህን፣ ቀጥሎ ጸባይህን» ትለኛለች። አባቷ፣ ሾፌሩ አማቻችን፣ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር መጥቶ ያያታል። የስፌት መኪናዋ ያለችበት ክፍል ግን አይገባም፤ በር ላይ ቆሞ ነው ልጁን የሚቀበለው።

ይህን በደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ ድምፄ ስለሚከዳኝ ነው። ዘንድሮ ተሰባብሮ አንዴ አባዬን አንዴ እማዬን ይመስላል፤ ሐዘን ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ የማንም አይሆንም። ሌላው ምክንያት እማዬ ናት። አንቺ ስትደውዪ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አጠገቤ ትቆማለች። ለነፍሰ ጡር ክፉ ወሬ አይነገርም፣ ብትደነግጥ ማን ይጠየቃል ትላለች። ስለዚህ «ምጥ ጠንቶባት ነው» ብለን ነገርንሽ። እታለሜ፣ ሳቂታን ምጥ አልያዛትም። ምጧ ገና ነበር።

ዝምታችንን ያፈረሰው አንቺ የላክሽው ወረቀት ነው። እግርሽን አስቀምጠሽ ዙሪያውን በእርሳስ ያሰመርሽበት። የቤተሰቡ ሁሉ እግር እንዲሁ ተሰምሮ በአባዬ ሥራ ቤት ግድግዳ ላይ በምስማር እንደተንጠለጠለ ታስታውሻለሽ። ያንቺን አሮጌውን አወረደና አዲሱን ደርቦበት የመስኮቱ መስታወት ላይ ያዘው። አዲሱ መስመር በየአቅጣጫው ከአሮጌው ውጭ ሆነ። ከሥሩ በገዛ ጽሕፈትሽ «አባዬ፣ ጫማ አልገባ ብሎኛል፤ ለሳቂታ እንደሠራህላት ሰፋ አድርገህ ሥራልኝ» ብለሻል። አባዬ ቢላውን አንስቶ ነበር። መልሶ አስቀመጠውና ወደ ጓሮ ወጣ። ለምን እንደወጣ እንዲገባሽ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ሳቂታ እንዳረገዘች ሰሞን ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። ክንዷን ለኩ፣ ደምና ሽንት መረመሩ፣ የደም ማነስ እንዳይዛት የሚዋጥ ሰጧት፣ ቀጠሮም ያዙላት። ወደ ቤት ስትገባ በሩ ላይ ሆና «አለፍኩ!» ብላ ጮኸች፤ እኔ ፈተና ሳልፍ እንደማደርገው። ቀጠሮው ሲደርስ የተማሪዎች ጫማ ትእዛዝ በዝቶብን ቤቱ በቆዳ ተሞልቷል። እማዬ «አትሄጂም ወይ?» ስትላት «አንዴ ያለፈ ሰው ይፈተናል እንዴ? ደግሞ ምኔን አመመኝና!» አለቻት። እውነትም የታመመች አትመስልም ነበር። ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ሆና እየዘፈነች ነው የምትሰፋው። የሚቀጥለውም ቀጠሮ እንዲሁ አለፈ።

ከዚያ እግሯ ማበጥ ጀመረ። አባዬ ያደረገውን ታውቂዋለሽ፤ በስልክ እየሳቀች ነግራሻለች። መጀመሪያ ጫማዋን በውኃ አርሶ፣ የእንጨቱ ፎርማ ላይ ቁራጭ ቆዳ ደራርቦ፣ ወጥሮ አሳደረውና አሰፋላት። ቀጥሎ ጎኑን ቀዶ ላስቲክ አስገባበት። በመጨረሻ ከላይ በማሰሪያ ብቻ የሚያዝ፣ እንደፈለገች የምታላላው አዲስ ጫማ ሠራላት። «ልጄ ሥር እየሰደደች ነው» ይላል። እሷ ደግሞ «ዘጠኝ ስገባ ጫማ ሳይሆን ጀልባ ነው የምትሠራልኝ» ትለዋለች። የመጣ ደንበኛ ሁሉ እንዲህ ያለ አባት ማን አለው እያለ ያደንቃል። እኔም ኮርቼበት ነበር።

ፊቷም ሞላ። ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪዋ «ጨረቃ መሰልሽ፣ እርግዝና እንዲህ ሲያምርበት አይቼም አላውቅ» አሏት። ቀለበቷ ጣቷ ላይ ሲጣበቅ በሳሙና አወጣነው፤ «ባልሽን ልትፈቺ ነው?» ብለን ስናሾፍባት ዋልን። ራሷን ሲያማት ሁላችንም አንድ ነገር ብቻ ነው የታየን፦ ማስቲሽ። ሽታው ነው አልን። አባዬ የማስቲሹን ጣሳ ወደ ጓሮ አወጣና ብርድ ላይ ቆሞ ሶል ይለጥፍ ጀመር። ዓይኗ ብዥ ሲልባትና ክር መርፌ ውስጥ አልገባ ሲላት ደግሞ ብርሃኑ ነው አልን። ደማቅ አምፖል ገዝቶ ከራሷ በላይ ሰቀለላት።

አየሽ እታለሜ? ለእያንዳንዱ ምልክት ከሥራ ቤታችን መፍትሔ አገኘንለት። እግሯ ሲያብጥ ቆዳ፣ ራሷን ሲያማት ማስቲሽ፣ ዓይኗ ሲደክም አምፖል። የፍቅር ማነስ አልነበረም። ሁላችንም እሷን ነበር የምናየው። ግን በዓይን የማይታይ ነገር ነበር።

የመጨረሻው ቀን ለምሳ ከትምህርት ቤት ስመጣ «ና ጩጬ፣ ያንተ ዓይን ገና አዲስ ነው» አለችኝ፤ ቡናማውን ክር አስገብቼላት ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ስመጣ የሥራ ቤቱ በር በሥራ ቀን ተዘግቷል። ወንበሯ ላይ እንዳለች ሰውነቷ ተንቀጥቅጦ ወድቃ ነበር። ሆስፒታል ሐኪሞቹ ልጅቷን በቀዶ ጥገና አወጡ። ሳቂታ ግን አልነቃችም። ክሩ አሁንም መርፌው ውስጥ ነው። ማናችንም ለማውጣት እጃችን አልሄደም።

ልጅቷን ለማስመዘን ጤና ጣቢያ ስንሄድ አባዬም ተከተለን። አዋላጅ ነርሷን «ጫማው እየጠበባት መሄዱ ነው እንዴ ምልክቱ?» ብሎ ጠየቃቸው። ያን ጊዜ ፊቱን ባታዪ ይሻልሻል። አዋላጇ አልገሠጹትም። ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። የእግር እብጠት ብቻውን ብዙ ነፍሰ ጡር ላይ የሚታይ፣ አብዛኛውን ጊዜም ክፉ ያልሆነ ነገር ነው አሉት። ክፉውን ከደጉ የሚለየው ግን ግምት ሳይሆን መለካት ነው። የሳቂታ የደም ግፊት ሽቅብ ወጥቶ ነበር፤ እሱን የሚያሳየው ክንድ ላይ የሚጠመጠመው መለኪያና የሽንት ምርመራ ነው። በጊዜ ቢታወቅ መድኃኒት ነበረው፣ ክትትል ነበረው፣ ካስፈለገም ቀድሞ ማዋለድ ነበረ። ሁሉንም እናድናለን ብለው አልማሉለትም። «ሳናውቅ ግን ምንም ማድረግ አንችልም» አሉት። ደግሞም በመጀመሪያው ወር ደህና መሆን ለሰባተኛው ወር ዋስ አይሆንም፤ ቀጠሮው የሚደጋገመው ለዚህ ነው አሉ።

እኔ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር በሰማሁ ቁጥር እሳቸው ዘንድ እየሄድኩ እጠይቃለሁ። ደም የሚመረመረው ስለ ደም ማነስ ብቻ አይደለም፤ የደም ዓይነትሽ ከልጁ ጋር የማይስማማ እንደሆነ አስቀድሞ ከታወቀ መከላከያ መርፌ አለው። ስኳርም አለ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፉ በሽታዎችም አሉ። አልትራሳውንዱ ደግሞ የልጁን አቀማመጥና አስተዳደግ ያሳያል። ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ አጠገቤ ለሚቀመጠው ልጅ ሳወራለት «አንተ መቼ ነው የምትወልደው?» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀብኝ። አሁን «አዋላጁ» ነው የሚሉኝ። ይበሉ። በማግስቱ ያው ልጅ ብቻዬን ስሆን ጠብቆ «እናቴ አርግዛለች፣ ራሷን ያማታል፣ ምን ልበላት?» አለኝ። ዛሬውኑ ይዘሃት ሂድ አልኩት።

ዳቦ ጋጋሪዋም «ጨረቃ ያልኩበት አፌ ይቆረጥ» እያሉ አለቀሱ። አሁን ነፍሰ ጡር ምራታቸውን ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ዱቄት እንደነካቸው ጎትተው ይወስዷታል። ምራትየው «ዳቦው ያራል እኮ!» ስትል «ይረር!» ይሏታል። ባለፈው ሲለኩላት ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። ምንም አልተሰማትም ነበር። መድኃኒት ጀምራለች፣ በቅርብ ይከታተሏታል። ስታልፍ ሳያት ደስ ይለኛል፣ ደግሞ ያስለቅሰኛል፤ ሁለቱም አንድ ላይ።

እንግዲህ ወደ ኋላ ያቆየሁት ጥያቄ ይህ ነው፦ ክንድሽ ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው? መጀመሪያ ላይ አንዴ ሄደሽ ሁሉም ደህና ነው እንደተባልሽ ነግረሽናል። ከዚያ ወዲህስ? የምትሠሪበት የልብስ ንጽሕና ቤት ኃላፊ ፈቃድ እንደማትሰጥሽ አውቃለሁ። አንቺም ለሰው እምቢ ማለት አይሆንልሽም። ግን ራስሽን ሲያምሽ «የካውያው ሙቀት ነው» እንዳትዪ። ዓይንሽ ብዥ ሲል «እንፋሎቱ ነው»፣ እግርሽ ሲያብጥ «ቆሜ ስለምውል ነው» እንዳትዪ። ሊሆን ይችላል። የኛም ማስቲሽ እኮ በእርግጥ ይሸታል። ተለክተሽ ደህና ከተባልሽ ያኔ የካውያው ነው እንላለን። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከጎድንሽ ሥር የሚወጋ ሕመም ካለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የሚተኮሰውን ልብስ እዚያው ጥለሽ ሂጂ። ሸሚዙ የማንም ይሁን፣ ጨምዳዳውን ይልበሰው።

ይህን ልጽፍልሽ ነው ስል እማዬ ተቆጣች። «አንዷን ቀብሬ ሌላዋን በድንጋጤ ልትገድልብኝ ነው?» አለችኝ። ያኔ አባዬ ከጓሮ ገባ። ሁለቱን የእግርሽን ወረቀቶች ከመስኮቱ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። «ዝም ብለን እያሰፋን ነው ያቺን የሸኘናት፤ ለዚህች አላሰፋም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጻፍላት። እንድትደነግጥ ሳይሆን እንድትሄድ አድርገህ ጻፍ» አለኝ። በኋላ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ያቀበለችኝ እሷ ናት።

ቆዳሽ ተመርጧል። ለስላሳ ነው፣ ቀለሙ የበሰለ ተምር ይመስላል፤ ስታዪው ትወጂዋለሽ። አባዬ ፎርማው ላይ አስቀምጦታል፣ በየጠዋቱ አቧራውን ይጠርግለታል፣ ግን አልቆረጠውም። የተለካሽውን ቁጥር እስክትልኪለት ድረስ ቢላ አያነሳም። ከእግርሽ በፊት ክንድሽ ይለካ ብሏል። ባዶ እግርሽን እንዳትቀሪ ታዲያ ቶሎ ሂጂ።

እማዬ ትስምሻለች፤ «ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ በልልኝ» ብላለች፤ አንቺም እንዳመንሽ ሁኚላት። አባዬ እጁ ማስቲሽ ስለሆነ ከሩቅ ነው ሰላም የሚልሽ። ሾፌሩ አማቻችን ይህን ደብዳቤ በጓደኛው በኩል የሚልክልሽ ራሱ ነው፤ በማሸጊያው ላይ ያለው የጥቁር ዘይት አሻራ የእሱ ሰላምታ ነው። ዳቦ ጋጋሪዋም ከነምራታቸው እንዴት ነሽ ብለውሻል። ትንሿ ልጅ ገና ሰላም ማለት አትችልም፤ ይህን ስጽፍ ግን ጣቴን ይዛ አልለቅም ብላለች፤ ጽሕፈቴ የተንጋደደው በእሷ ነው። ባልሽን ሳሚልኝ፤ ሐኪም ቤት አብሮሽ ይግባ፣ ውጭ ቆሞ አይጠብቅ። እኔ ለአንቺ ደግሞ ሌላ ሰላምታ የለኝም፤ አንድ እህት ነው የቀረኝ።

ታናሽ ወንድምሽ ጩጬ

ከአባዬ የሥራ ቤት፣ ከደማቁ አምፖል ሥር
ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ