ሁለት ቀጥ ያሉ ምስማሮች

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ይህን የሚጽፈው እጅ የጎረቤታችን የነርሷ ነው፤ አፉ ግን የእኔ ነው። ጡረታ ከወጣች ወዲህ መርፌ የምትወጋው ሰው አጥታ ነበርና ብዕር ስሰጣት አልተግደረደረችም። «ይሄንንም ልጻፈው?» እያለች ትነዘንዘኛለች። ሁሉንም ጻፊ ብያታለሁ።

ለመዶሻዬ፣ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይለግማል እንጂ መጋዝ ላይ አይለግምም። ትናንት እንኳ አንድ ትልቅ ቁም ሣጥን ጨርሼ አስረክቤያለሁ።

ኮምፒውተሩ ይሠራል። ፊትሽን የሚያሳየኝ ፕሮግራም እንደ ድሮው ይከፈታል። የዛሬ ሳምንት ደውዬ «የላክሽልኝ ዕቃ ሞተ» ስልሽ፣ «ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ፣ አባዬ» አልሽኝ። መነጽሬ ጠፋ አልኩሽ። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር። «ፈልገው፣ እጠብቅሃለሁ» አልሽ። ጠበቅሽኝም። ያኔ ነው «ማንበብ አልችልም» ያልኩሽ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ይህንን ከእናትሽ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

  አንቺም «ፊደሉ ምን ይመስላል?» አልሽኝ። እግዜር ይስጥሽ ልጄ። አልሳቅሽም፣ «ለምን ደበቅከኝ?» አላልሽም። ባለሙያ ባለሙያን እንደሚጠይቅ ጠየቅሽኝ።

እኔም የፈረንጁን ፊደል አንድ በአንድ ነገርኩሽ። ባለ ሦስት እግር አግዳሚ ወንበር፣ የተጠማዘዘ ሽቦ፣ አፉን የከፈተ ጉጠት፣ የተሰበረ ቀለበት፣ ዱላው ወደ ታች የወረደ ቦርጫም። ቁጥሩን ከሜትር ስለማውቀው «መቶ አርባ!» ብዬ ቆፍጠን አልኩ። ከነጥቡ ወዲያ ዱላውን ወደ ላይ ያነሣ ሌላ ቦርጫም፣ ከኋላው ሁለት ቀጥ ያሉ ምስማሮች። «ገባኝ! ዕቃው አልሞተም፣ አንድ ፋይል ነው የጠፋው» ብለሽ ጮኽሽ። ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ፋይል ነው ስትዪኝ ሌላ ማብራሪያ አልፈለግኩም። የሁላችን የሆነው አንድ መላጊያ ሲጠፋ ወርክሾፑ ሙሉ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ስንቴ አይቻለሁ! «ከየትም አታውርደው፤ ከሠሪው ከራሱ ነው የምንወስደው» አልሽ። ልክ ነሽ፤ እኔም ማን እንደሳለው የማላውቀውን መጋዝ አልይዝም።

ግን ያ የፊደል ሰሌዳ! «ምስማሯን ተጫን» ትዪኛለሽ፣ ምስማር የለም። ለካ እዚያ ላይ ምስማሯ እግር አውጥታለች፣ ቦርጫሙም ቦርጩን ወዲያ አዙሯል።

«አባዬ፣ እግር ያላት ራሷ ናት፤ ትልቁ መልኳ ነው!»

«ታዲያ ለምን አንድ መልክ አይዙም? ሌባ ናቸው?»

ሳቅን። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ፊትሽ መጣ። ዓይንሽ ቀልቶ ነበር። እንዳላየ ሆንኩ እንጂ አይቻለሁ።

አሁን ያን ቀን ሳትጠይቂኝ የተውሽውን ልመልስ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ የጻፍሻቸው አሥራ አንድ ደብዳቤዎች እንደታሸጉ አሉ። «ደረሱህ?» ስትዪኝ «ደረሱኝ»፣ «ለምን አትመልስልኝም?» ስትዪኝ «ሥራ በዛብኝ» እያልኩሽ፣ ቂም የያዝኩብሽ መስሎሽ መጻፍ ተውሽ። ቂም አልነበረም። የምታነብልኝ እናትሽ ነበረች፤ ከእሷ ሌላ ማንንም «አንብብልኝ» ማለት አቃተኝ። (እዚህ ላይ ነርሷ «ግድግዳ ተጋርተን እየኖርን!» ብላ ብዕሩን ወረወረችብኝ። አንስቼ ሰጠኋት።)

ከነገ ጀምሮ ታነብልኛለች፤ ከመጀመሪያው፣ በተራ። የተቆጣሽኝንም ቦታ እንዳትዘል ቃል አስገብቻታለሁ። አንቺም እባክሽ ካቆምሽበት ቀጥይ።

ለዚያ ለትዕግሥትሽ ዕድሜውን ከጤና ጋር ይስጥሽ። እጅሽ አይዛል፤ ደጅሽ አይጨልም።

አባትሽ፣ አናጢው

በይ ነርስ፣ አሁን አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። «ልጄ» የሚለው ጋ ስትደርሺ ጣትሽን አድርጊበት፤ ምን እንደሚመስል ልየው።