የካሚል እግር

ጥቅምት 4
የዘይነባ ልጅ አራት ቀኑ ነው። ግራ እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ተወልዷል።

ሱሉልታ ብርድ ነው። ባሏ፣ አከራዬ ነስሩ፣ ሱቁን ከፍቶ ዋለ። የመጀመሪያ ልጁ ነው። እንኳን ደስ ያለህ ለሚሉት «አሚን» ይልና ቶሎ ምስማር ወደ መመዘኑ ይመለሳል።

ጥቅምት 5፣ ማታ
ነስሩ አንኳኳ። ልጁን ገና ሳይወለድ ካሚል ሊሉት ተስማምተው ነበር። አሁን ሌላ ስም እንድፈልግለት ይለምናል፤ ጸሐፊ ነኝና።

«ጋሼ፣ ካሚል ብዬው ሲያነክስ ሰው አይስቅብኝም?»

በልጁ ሳይሆን በእሱ።

ስም አልፈለግሁለትም፣ ደብተሬ። ቃሉን ፈለግሁ። ካሚል ዐረብኛ ነው፤ የተሟላ። የእኛው «ፍጹም» ከግዕዙ «ፈጸመ» ይመጣል፤ ጨረሰ። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛ «ጉቱ» ነው አሉኝ፤ ሙሉ፣ እንደ ጎተራ። ሁሉም የሚያወሩት ስለ መሙላትና ስለ መጨረስ ነው። ጊዜ ይሰጣሉ። ጉድለት የማይወደው «ነውር የሌለበት» የሚለው ነው፤ ለመሥዋዕት በግ የተባለ። በድሮው መጽሐፍ ነውር የአካል ጉድለት ነው። ዛሬ የምናፍርበት ነገር ሆኗል። ማን አሻገረው? እኛው።

ለነስሩ ይህን ሁሉ አልነግረውም። ሰውዬው እንቅልፍ አጥቷል።

ጥቅምት 6
ነገ ሰባተኛ ቀን። በግ ታርዶ ስም ይወጣል። ከነስሩና ከኦቦ ገመቹ ጋር ገበያ ወረድን። ለዚህ የሚታረድ በግ መታወር፣ ማንከስ የለበትም። ነስሩ የእያንዳንዱን እግር ይዳብሳል። ኦቦ ገመቹ ሰለቻቸው።

«አንተ፣ በግ ነው የምትገዛው ወይስ ሙሽራ?»

ሳቅን። አንዱ ሙክት ቆንጆ ነበር፤ ሲራመድ ትንሽ ያነክሳል። ነስሩ አይሆንም አለ። እጁን ግን ከእግሩ ላይ አላነሳም። ሻጩ ግራ ገብቶት ያየናል።

ባጃጅ ውስጥ ተናዘዘ። ያዋለደቻት ነርስ ልጁን በቶሎ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውሰዱት ብላዋለች። በየሳምንቱ ጄሶ እየተቀየረ እግሩ ይቃናል፤ ሲዘገይ ይከብዳል። ዘይነባ ይህን አታውቅም። እንግዳው ሁሉ እስኪያልፍ ደብቋታል። ጄሶ የታሰረ ሕፃን ታቅፎ ታክሲ መሳፈር አስፈርቶታል።

ዛሬ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ አልኩት። ጮኽኩበት እንኳ። ኦቦ ገመቹ ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ። ልክ ናቸው። እኔ ልጅ የለኝም፤ ምን አውቃለሁ።

ጥቅምት 7
ነግሯታል። አላለቀሰችም አለኝ። ይህ የባሰ አስፈርቶታል።

ሽማግሌዎቹ ስም ሲጠይቁ ነስሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ዘይነባ ከጓዳ ቀደመችው፤ «ካሚል!» ሰው ሳቀ፤ ደግ ሳቅ ነው። ነስሩም ሊስቅ ሞከረ።

ከነገ ወዲያ ሆስፒታል ሊሄዱ ተስማሙ። ሁለቱም።

ጥቅምት 9፣ 3 ሰዓት ተኩል
መታወቂያ ላሳድስ ከተማ አስተዳደር ወረፋ ላይ ነኝ። ከፊቴ ሁለት ሰው ቀርቷል። ዘይነባ ደወለች። ታክሲ መያዣው ጋ ናት፣ ልጁን ታቅፋ፣ ብቻዋን። የዘጠኝ ቀን አራስ። ነስሩ ጠዋት ደንበኛ መጣብኝ ብሎ ሱቅ ገብቷል። አልከሰሰችውም። አዲስ አበባ፣ አዲሱ ገበያ ስትወርድ የትኛውን ታክሲ እንደምትይዝ ብቻ ጠየቀችኝ።

እዚያው ቆዪ አልኳት።

አሁን አንድ ሰው ቀረ። ቅጹን ወንበሩ ላይ ትቼ እየወጣሁ ነው። በነስሩ ሱቅ በኩል ነው የማልፈው። ደንበኛ ቢኖርም ባይኖርም መዝጊያውን እኔው አወርደዋለሁ።