መብራት ሲመጣ ተመለሱ

ይድረስ ለተከበሩ የኢነርጂ ሚኒስትር፤

ክቡርነትዎ፣ እርስዎና የቢሮዎ አምፖሎች እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ ከባለቤቴ ዓይን በቀር ደህና ነን። የኒውክሌር ኃይል ማመንጫዎችን የማስፋፋት አገራዊ ዕቅድዎን በባትሪ ሬዲዮ ሰምተን፣ በዓይን የማትታይ አቶም ከተማ ሙሉ እንደምታበራ ስንረዳ ተደነቅን። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው ዕቅድ ጊዜ ለቤታችን ሽቦ ስለተዘረጋ፣ አምፖል ስለተሰቀለና ማብሪያ ስለተገጠመ እናመሰግናለን። የቀረው መብራቱ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ባለቤቴ፣ መብራቱ እንደ እንግዳ በር ተዘግቶበት እንዳይመለስ ብላ፣ ማብሪያውን አንድም ቀን አጥፍታው አታውቅም። እኔም ስስቅባት ኖርኩ፤ ምነው ባልሳቅሁ።

፪. ትልቁ የኃይል መስመር በጣራችን ላይ በማለፉ ኮርተናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት ልጆቻችን ቀና ብለው ብቻ ይማሩታል።

፫. በኩራዝ ስትሰፋ የኖረችው ባለቤቴ ዓይኗ ሲደክም፣ የጤና ጣቢያው ሐኪም በቀዶ ጥገና እንደሚድን፣ መሣሪያው ግን ያለ ኤሌክትሪክ እንደማይሠራ ነግሮን፣ መብራት ሲመጣ ተመለሱ አለን። ወደ ሩቁ ሆስፒታል ልንሄድ ስንነሳም የእርስዎ ሰዎች መስመሩ ሊገናኝ ሳምንት ነው የቀረው እያሉ ከመንገድ አስቀሩን፤ ስለ አሳቢነታቸው እናመሰግናለን። መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋባት፣ ክሩን እኔ አስገባላት ጀመር። ቀጥሎ ጨርቁ፣ ቀጥሎ የእኔ ፊት። ዘንድሮ ሐኪሙ አይቷት ጊዜው አልፏል አለን። ዛሬ ብርሃንና ጨለማ አይለይላትም።

፬. ቁጥሩን ከጻፍኩ በኋላ ልቤ ለማመስገን እምቢ አለኝ። ይለፈኝ።

አዲሱ ማመንጫ ተሠርቶ እስኪያልቅ እርስዎን በጤና፣ እኛን በትዕግሥት ያቆየን ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከከፍተኛ አክብሮት ጋር፣ ከዝቅተኛ ጣራ ሥር፣

ጫማ ሰፊው፣ የልብስ ሰፊዋ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለአዲሱ ማመንጫ የመሠረት ድንጋይ እዚሁ እኛ አካባቢ ባኖሩ ዕለት፣ የንግግርዎ ድምፅ ማጉያ እንዲሠራ መስመሩ ተገናኝቶ ነበርና፣ እንግዶችዎ እስኪሸኙ ድረስ የእኛም አምፖል በራ። ባለቤቴ ሥሩ ተቀምጣ ነበር። ፊቷን እንደዚያ አጥርቼ አይቼው አላውቅም። እንደ ልማዷ፣ መጣ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አልመጣም አልኳት። ክቡርነትዎ፣ ስለ መብራት መዋሸት ይህን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። እርስዎ እንዴት ቻሉት?