የእናንተ እሁድ፣ የእኛ ሰኞ

ኑኩአሎፋ፣ ቶንጋ፣ ሰኞ ጁላይ 14

ለወንድሜ ልጅ ለሴሚሲ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ ደህና ነን፤ አባትህም ጉልበቱን ከማማረር በቀር ደህና ነው። የመሥሪያ ቤትህን ኢሜይል ማን እንደሚከፍተው ስለማላውቅ፣ ይህን ደብዳቤ ወደ ሆኖሉሉ በምትመጣው ጎረቤታችን እጅ ልኬዋለሁ። አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው።

ዛሬ ጠዋት አዲሱ ሰርቨራችን ሥራ ጀመረ! ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ለቫቫኡ ደሴት የሚጫነው ሁሉ፣ ዱቄቱም ቆርቆሮውም ላምባውም፣ አንድ ሳይቀር ተመዘገበ። መርከቧ በሰዓቷ ወጣች። አሮጌው ማሽን ሰኞ ሰኞ እየቆመ ስንቴ እንዳዋረደኝ ታውቃለህ። መርከቧ ወደብ ላይ ትገተራለች፣ የቫቫኡ ዳቦ ጋጋሪዎች ደግሞ ስልክ እየደወሉ የሚራገሙት እኔን ነው። አለቃችን ፋካታቫ “ምርጫው ያንቺ ነው፤ እሱ ከወደቀ አንቺም አብረሽው ትወድቂያለሽ” ሲሉኝ ስቄ አለፍኩ እንጂ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ስሜ ነውና ፈርቼ ነበር።

የቀረበልን ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ያንተ ኩባንያ ነው፤ የእኛ ሶፍትዌር እዚያ ሃዋይ በእናንተ ማሽኖች ላይ ሊሠራ። ሁለተኛው የራሳችንን ማሽን ገዝተን ከመጋዘኑ ጀርባ አስቀምጠን፣ ግልባጩን በየቀኑ ኦክላንድ መላክ። ልቤ ወዳንተ አድልቶ ነበር። ዋሽቼ ምን ይጠቅመኛል? የመጀመሪያ ትልቅ ሽያጭህ መሆኑን፣ ካልተሳካልህም የሙከራ ጊዜህ ሲያልቅ እንደሚያሰናብቱህ አባትህ ነግሮኛል።

የቢሮው ሰው ደግሞ አላስቀምጥ አለኝ። “የወንድምሽ ልጅ አይደል እንዴ? የአባቱን እህት እምቢ ሊል ነው? እዘዥዋ፣ በነጻ ያምጣው!”

ከዚያ ያ የውል ወረቀታችሁ ላይ ያለው ነገር መጣ። “ለጥገና በሳምንት አንዴ፣ እሁድ ጠዋት ለአራት ሰዓት ይቆማል” ይላል። ፋካታቫ ሲያነቡት አጨበጨቡ። “እሰይ! ሰንበት የሚያከብር ማሽን! እኛ መዝሙር ስንዘምር እሱም ያርፋል!” ሁላችንም ሳቅን፣ እኔም ጭምር። እሁድ ልብስ ማጠብ እንኳ በሚያስነውርበት አገር፣ “የማን እሁድ?” ብሎ የሚጠይቅ ከየት ይምጣ? ለእኛ እሁድ አንድ ነው።

አርብ ልንፈርም ሐሙስ ዕለት መልእክትህ ደረሰኝ። “አክስቴ፣ የቀን መለወጫው መስመር በመካከላችን ስለሚያልፍ የእኛ እሁድ የእናንተ ሰኞ ነው። የሚቆመው በእናንተ ከጠዋቱ አንድ እስከ አምስት ሰዓት ነው። አለቃዬ እንዳልናገር ከልክሎኛል፤ ግን አንቺን እንዴት ብዬ ልዋሽ?”

መርከቧ በምትጫንበት ሰዓት! ዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ የተናደድኩት ባንተ ነው፣ እውነቴን ነው። “ምናለ ዝም ቢል፣ ምን ዓይነት ሞኝ ልጅ ነው!” አልኩ። መልሼ ሳነበው ግን እንባዬ መጣ።

አርብ አለቃህ በስክሪን ቀረበ፣ ጥርሱን እያሳየ። “ይቅርታ፣ ይሄ እሁድ የማን አገር እሁድ ነው?” አልኩት። ሳቁ ድርግም አለ።

“ማን ነገረሽ?” አለኝ።

“ማን ይነግረኛል? ቀን መቁጠር አያቅተኝም!”

ፋካታቫ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና የራሳችንን ማሽን እንድንገዛ ወሰኑ። “ሎሳሊኔ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!” አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቢሮው ሁሉ “ብልጧ ሎሳሊኔ” እባላለሁ። ያንተን ስም ባነሳ እንጀራህን ስለምዘጋ፣ ምስጋናውን ዝም ብዬ እቀበላለሁ። በወጋችን በየድግሱ ትልቁ የአሳማ ሥጋ ለአባት እህት ነው፤ የወንድሞቼን ልጆች ድርሻ ስበላ አፍሬ አላውቅም። ይሄኛው ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።

ባለፈው ሳምንት የቢሮው ልጆች ለማሽኑ ስም እናውጣ አሉ፤ መኪኖቻችን ሁሉ ስም አላቸው አይደል። ፕላስተር ቆርጬ “ሴሚሲ” ብዬ ጻፍኩና ግንባሩ ላይ ለጠፍኩት። ስምህን የወረስከው ከአያትህ ነውና ለአባቴ መታሰቢያ መስሏቸው “ደግ አደረግሽ” አሉኝ።

ያስቸገረኝ አባትህ ነው። ሽያጩ መቅረቱን ከሰማ ጀምሮ አንገቱን ደፋ። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ “ልጄ አልቻለበትም ማለት ነው?” ሲለኝ አላስቻለኝም፤ መልእክትህን አውጥቼ አሳየሁት። ሁለቴ አነበበው።

ዛሬ ጠዋት፣ መርከቧ ከወጣች በኋላ፣ በዚያ ጉልበቱ ደረጃውን ወጥቶ ቢሮ መጣ። በሰኞ ምድር ለትልቅ ሰው ቀብር የሚታጠቀውን ያንን የድሮ ሰሌን ለክብር ወገቡ ላይ ታጥቋል። ማሽኑ ፊት ቆመ። ስምህን በጣቱ ዳሰሰና፣ “አቧራ እንዳይነካው” ብሎኝ ሄደ።

እንግዲህ ቢያሰናብቱህ አንገትህን እንዳትደፋ፤ ቤትህ እዚሁ ነው። አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፣ ያንን አፍህን ከነንጽሕናው ይጠብቅልህ።

የአባትህ እህት፣
ሎሳሊኔ