ሙሐባ የቀረችባቸው ሁለት ማክሰኞዎች

እህቴ ሙሐባ፣ እንደምን አደርሽ? ደብዳቤ መጥቶልሻል። ከንባብ ኮሚቴው ነው፤ ሁለት ማክሰኞ በተከታታይ ያለ ፈቃድ ስለቀረሽ ከአስተባባሪነት ተነስተሻል። መልሱን እኔ እጽፍልሻለሁ። ስድብ ከገባበት እንደ ወትሮው አውጪልኝ።

ለተከበሩ አቶ ገብረመድህን
የማኅበረሰባችን የንባብና የደራስያን መድረክ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መዲናት ሱልጣን ቃቡስ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ፣ ደም ግፊትዎና የሳሎንዎ አየር ማቀዝቀዣ እንደምን ሰንብተዋል? ሁሉም ደህና ይሁኑልኝ። እኔ የሙሐባ ታናሽ ወንድም አብዱልባሲጥ ነኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በመሆኔ የክቡርነትዎን ጊዜ ለመሻማት ዕድሜዬ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ ላቅርብ።

፩. ስለ ደብዳቤው። እህቴ ነርስ ነበረች፤ ከሆስፒታል ስትመለስ መኪና ገጭቶ ከገደላት ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኗ ነው። ይህን ለክቡርነትዎ መንገር አያስፈልግም፤ ለለቅሶ አል ሀይል ሰፈር ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ከአባቴ ጎን ተቀምጠው፣ «የማትተካ ልጅ ነበረች» ብለውናል። በአሥራ አምስተኛው ቀን በፈረሙት ደብዳቤ ግን ተተክታለች። የቀረችበትን ምክንያት በጽሑፍ እንድታስረዳ ሰባት ቀን መስጠትዎ የልብዎን ስፋት ያሳያል።

፪. ስለ ማክሰኞ። የመጪዎቹ ሦስት ወራት ፕሮግራም ደርሶኛል፦ አምስት ደራስያን፣ አምስት ማክሰኞ ማታ፣ አምስቱም በክቡርነትዎ ሳሎን፣ «ለመላው ማኅበረሰብ ክፍት»። በዚህ በዓረብ አገር በአሠሪዎቻቸው ቤት እየኖሩ የሚሠሩ እህቶቻችን ከቤት የሚወጡት፣ ያውም ከተፈቀደላቸው፣ ዓርብ ብቻ መሆኑን ሙሐባ ሦስት ጊዜ ጽፋልዎታለች። ሦስት ጊዜም «ጥያቄዎ በአጀንዳ ተይዟል» የሚል መልስ አግኝታለች። መልሱን ሳይለውጡ መጽናትዎን አደንቃለሁ።

፫. በሚቀጥለው ወር ስለሚጋበዙት ደራሲ። የንግግራቸው ርእስ «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ መሆን» ነው። ርእሱን ኮሚቴው እንደመረጠላቸው ሰምቼ አልተገረምኩም። እህቴ ዓርብ አልሆን ሲላት በየማለዳው ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ከአንድ ልቦለድ ሁለት ሁለት ገጽ በስልኳ እያነበበች ለአርባ አንድ ሴቶች ትልክ ነበር። እነሱም ልብስ ሲተኩሱ ይሰሙና በድምፅ ይመልሳሉ። ዪቲ መንደር በሰው ቤት የምትሠራው ሸሪፋ አንድ ቀን «ያ ባል ተብዬ ደግሞ ተመለሰ? በሩን ትዝጋበት፣ ኻላስ፣ በቃ» ብላ ልካለች። ድምፅ የሌላቸው የተባሉት እንግዲህ እነዚህ ናቸው። ክቡርነትዎ ይህን ሲሰሙ «በስልክ ማንበብ ሥነ ጽሑፍን ማርከስ ነው» ማለትዎን ሙሐባ እየሳቀች ነግራኛለች።

፬. በዚሁ ደብዳቤ ግርጌ ያንኑ የረከሰ የስልክ ቡድን ለኮሚቴው እንድታስረክብ ታዝዛለች፤ ወንበሮቹ ስላልሞሉ ማስታወቂያ ሊለጠፍበት። እሷ ስለማይመቻት እኔ እመልሳለሁ፦ አላስረክብም። ይህ ተራ ቁጥር ስላጠረ ይቅርታ።

ለሥነ ጽሑፍ ዕድገት ሲሉ ሳሎንዎን ከአንባቢ ጠብቀው ስላቆዩልን እያመሰገንኩ፣ በማይለካ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ደጃፍዎን ረግጦ የማያውቅ፣ ወደፊትም የማያስቸግርዎት፣
አብዱልባሲጥ፣ የሙሐባ ወንድም

ማስታወሻ፦ የጠየቁት ማብራሪያ ይኸው። ሙሐባ የቀረችው ስለሞተች ነው። አባቴ ትናንት ወደ በረሃ ሥራው ተመለሰ፤ ዛሬ ጠዋት ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነቃሁ። የቀሰቀሰኝ የእሷ ስልክ ነው፤ ለንባብ የሞላችው ማንቂያ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እንደ ልማዱ ደወለ። ቡድኑን ስከፍተው ከሸሪፋ አንድ ድምፅ አገኘሁ፦ «ወንድምዓለም፣ ለእሷ ዱዓ ላይ ነን። እንዲያው ግን፣ ያቺ የመጽሐፉ ልጅ አውቶቡሱ ላይ ወጣች ወይስ ማፊ፣ ቀረች?» መጽሐፉን ሙሐባ ጠርዙን ካጠፈችበት ገለጥኩት። ሁለት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት። በሦስተኛው ሁለቱን ገጽ አንብቤ ላክሁላቸው፤ ቦታው እንዳይጠፋኝም ደብዳቤዎን ዕልባት አድርጌበት ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ልጅቷ ወጥታለች።